የበራፍ ደረጃን ምን እናልብሰው?

እናቴ የወደቀችው ሐምሌ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጠዋት የቡና አተላ ልትደፋ ወጣች። በነጠላ ጫማ የመጀመሪያውን ደረጃ ስትረግጥ አዳለጣት። በእጇ ልትመክት ስትል የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየች።

ደረጃው ላይ የነበረው የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ ነው። ያስነጠፍኩት እኔ ነኝ። የሳሎኑ ወለል ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ካርቶን ተኩል ተረፈ። ሠራተኛው «ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ደረጃውን እናልብሰው» አለኝ። አማረኝና እሺ አልኩ። በጋውን ሙሉ የመጣ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያምራል» ሲል ከረመ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስሄድ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ደረጃው ላይ ነው። ግንበኞችን ጠየቅሁ። ድንጋይ ጠራቢዎች ዘንድ ቁጭ ብዬ አየሁ። በየዓይነቱ ምን እንደሚገኝና ውጭ ሲሆን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የምናገረው በዋናነት ስለ አዲስ አበባና ስለ መሰል ደጋ ከተሞች ነው።

ደረጃ ሳሎን አይደለም

ሳሎን ደረቅ ነው። የበራፍ ደረጃ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም እንደረጠበ ይከርማል። በጋ ሲሆን ደግሞ ሌሊት ቀዝቅዞ ያድርና እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ይጠብሰዋል። በጫማ የመጣ ጭቃና አሸዋ የሚራገፈው እሱ ላይ ነው። የጋዝ ሲሊንደር ሲገባ ጠርዙ ላይ ያርፋል። በበዓል በግ ይጎተትበታል። ልቅሶ ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ ይረግጠዋል።

ስለዚህ ዕቃ ስመርጥ በመጀመሪያ የምጠይቀው ሲረጥብ እግር ይይዛል ወይ ብዬ ነው። ይህን ካላለፈ ሌላውን አልጠይቅም። ካለፈ ጠርዙን አያለሁ፤ ደረጃ የሚያረጀው ከመሃሉ ሳይሆን ከጠርዙ ነውና። ከዚያ ውሃ ይጠጣል ወይ እላለሁ። መጨረሻ ላይ ሲበላሽ ይጠገናል ወይስ ፈርሶ እንደገና ይሠራል የሚለው ይመጣል። ቀለሙና ውበቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የበራፍ ደረጃ ትንሽ ነገር ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ የሚረገጠው ጥልቀቱ 35 ሳንቲ የሆነ አንድ ደረጃ ግማሽ ካሬ እንኳ አይሞላም። በሩ ፊት ለፊት ያለውን መቆሚያ ጨምራችሁ ከሁለት ካሬ ብዙም አይዘልም። ለሙሉ ቤት የማይቻል የመሰለ ዕቃ ለዚህች ቦታ ይቻላል። «ግራናይት የሀብታም ነው» ብለው ሳይጠይቁ የሚያልፉት ሰዎች ይህን ሒሳብ አልሠሩም።

ሲሚንቶ፦ ርካሹ፣ ግን የማይናቀው

ሲሚንቶን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ችግሩ ያለው ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን ሊሾው ላይ ነው። ሊሾ ሲሠራ ልስኑ ገና እርጥብ እያለ ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰነስበትና በብረት እየታሸ ይለሰልሳል። ቤት ውስጥ ደስ ይላል። አያቴ ቤት የነበረው ቀይ ሊሾ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ውጭ ግን ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ያ ስስ የላይ ሽፋንም ፀሐይ ሲመታው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣና ውሎ አድሮ ይላጣል።

ስለዚህ ለሳኙን «ሊሾ አታድርግልኝ» በሉት። ልስኑ ተስተካክሎ ፊቱ ላይ ያቀረረው ውሃ እንደጠፋ ጠንከር ባለ መጥረጊያ አንዴ ይሳበው። የመጥረጊያው ጭረት ከአካሄዳችን አግድም መሆን አለበት። እግር የሚይዘው እሱ ነው። ጠርዙን ሹል አድርጎ አይተወው፣ ጣት በሚያህል ክብ ያለስልሰው። ቅልቅሉ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ሥራ ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ውህደት ነው። ቶሎ የደረቀ ሲሚንቶ ደካማ ሆኖ ይቀራል፣ ሲጠረግም ዱቄት ያወጣል። ለዲዛይን የሚታሰበው ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ውሃ ሳይጠጣ ተሠርቶ «ሲሚንቶው መጥፎ ነው» የተባለለት ስንት ደረጃ አይቻለሁ።

በዚህ መንገድ የተሠራ ተራ ሲሚንቶ ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ይበልጣል። ገንዘብ ካጠረ ያለምንም ማመንታት እሱን አድርጉ።

ሴራሚክና ፖርስሊን

ሱቅ ስትገቡ ሁሉም «ሴራሚክ» ወይም «ታይልስ» ይባላል። ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ 10 በመቶ በላይ ውሃ ይጠጣል። ፖርስሊን የሚባለው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ልዩነቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ሰድሩን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ዓይናችሁ እያየ ከጠጣው የውጭ ዕቃ አይደለም። ጠብታው እንዳለ ከተቀመጠ ወደ ፖርስሊን የተጠጋ ነው።

ካርቶኑ ላይ ደግሞ የሚነበብ ነገር አለ። ማዳለጥን የመቋቋም መለኪያው ከአር 9 (R9) እስከ አር 13 (R13) ይጻፋል። ቁጥሩ ሲጨምር ሸካራነቱ ይጨምራል። ዝናብ ለሚመታው ደረጃ አር 11 ፈልጉ። አር 9 ለደረቅ የቤት ውስጥ ወለል ነው። የመስታወት ሽፋን ላለው ሰድር ደግሞ ፒ ኢ አይ የሚል መለኪያ አለ፤ ሽፋኑ በእርግጫ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፋቅ ይናገራል። ለውጭ 4 ወይም 5 ይሁን። ምንም ያልተጻፈበት ካርቶን ከሆነ አንድ ሰድር መሬት ላይ አስቀምጡ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ በረጠበ ሸበጥ ቆማችሁ እግራችሁን ወደፊት ግፉ። ሻጩ ግር ቢለውም አታፍሩ።

ፖርስሊን ጥሩ ዕቃ ቢሆንም አነጣጠፉን ይጠይቃል። ውሃ ስለማይጠጣ የተራ ሲሚንቶ ለውስ በደንብ አይዘውም። ለእሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልጋል። ማጣበቂያው ደግሞ ጀርባውን በሙሉ መሸፈን አለበት። አራት ማዕዘኑና መሃሉ ላይ ጉብ ጉብ አድርጎ የሚለጥፍ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት። ከሥር ባዶ የቀረው ቦታ ውሃ ይሰበሰብበታል፤ የሴት ታኮ ወይም ሲሊንደር ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሥራው ደርቆ ሲያልቅ በሳንቲም አንኳኩት። «ድም ድም» የሚል ባዶ ድምፅ ያለበት ሰድር ተነስቶ ይሠራ። እኛ ቤት አንኳኩቼ የማየት ነገር አላወቅሁም ነበር። እናቴ ስትወድቅ ከሰባቱ የጠርዝ ሰድሮች ሦስቱ ከሥራቸው ባዶ ነበሩ።

ጠርዙ የፖርስሊን ትልቁ ድክመት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሰድር 45 ዲግሪ በፍሌክስ፣ በኤሌክትሪክ መቁረጫው፣ ቆርጠው ያጋጥሙታል። ሲሠራ ያምራል። ያ ሹል ጫፍ ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው፤ አንድ ከባድ ነገር ሲነካው ይሸረፋል። ፋብሪካው ጠርዙን አክብቦና ጭረት አድርጎ የሠራው የደረጃ ሰድር ከተገኘ እሱን ግዙ። ካልተገኘ የአሉሚኒየም ጠርዝ ይግባለት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም ያለውን ከመረጣችሁ ደግሞ ቢሸረፍም ከሩቅ አይታይም። ላዩ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ነጭ የሆነው ግን እንደ ቁስል ያስታውቃል።

እብነ በረድ

አገራችን ጥሩ እብነ በረድ አላት። ከቤኒሻንጉል የሚመጣው ዳለቲ ለብዙ ሰው የታወቀ ነው፤ የትግራዩም እንዲሁ። ለሳሎን፣ ለመስኮት ደፍ፣ ለጠረጴዛ እወደዋለሁ። ለበራፍ ደረጃ ግን አልመክረውም።

እብነ በረድ ለስላሳ ድንጋይ ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 3 አካባቢ ይቆማል። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ስለዚህ ጫማችን ሥር ያለው አሸዋ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የመጀመሪያው ዓመት ብርሃኑ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የሚረገጠው መሃሉ ይደበዝዛል። አሲድም ጠላቱ ነው። ሎሚ ቢፈስበት ምልክት ይቀራል። ሠራተኞች ሥራ ሲጨርሱ የሲሚንቶ እድፍ በአሲድ የማጠብ ልማድ አላቸው። እብነ በረድ ላይ ይህ ከተደረገ ድንጋዩ አበቃለት።

ሻጩ «ግራናይት ነው» ብሎ የሰጣችሁ ድንጋይ ካጠራጠራችሁ ቁራጩን በቢላ ጫፍ ቧጭሩት። እብነ በረድ ይጫራል። ግራናይት ላይ የቢላው ብረት ራሱ መስመር ጥሎ ያልፋል እንጂ ድንጋዩ አይጫርም።

ግራናይትና ጥቁር ድንጋይ፦ የኔ ምርጫ

ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። የድንጋይ ወፍጮ ሲያገለግል ይልማል። ሲልም እህሉ ይንሸራተትበታል እንጂ አይፈጭም። ያኔ ወፍጮው ይወቀራል፤ እየተጠቀጠቀ ሸካራነቱ ይመለስለታል። ደረጃም እንደዚያው ነው። ድንጋይ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥበት ምክንያት ይህ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ሲልም አይጣልም፤ አንድ ጠራቢ መጥቶ በግማሽ ቀን እንደገና ይወቅረዋል። ሴራሚክ ይህን ዕድል አያገኝም።

ግራናይት ከወለጋና ከሐረርጌ ይመጣል። ከውጭ የሚገባም አለ። ጥንካሬው 6 እና 7 መካከል ስለሆነ አሸዋ አይበግረውም። ዋናው ነገር ፊቱ ነው። እንደ መስታወት የተወለወለ ግራናይት ሲረጥብ ከሴራሚክ ባልተናነሰ ያዳልጣል። ባንክና ሆቴል በር ላይ ያየነውን ቤታችን አምጥተን እንዳንደግመው። የሚፈለገው ፊቱ በእሳት የተለበለበ ወይም በመዶሻ የተወቀረ ነው። እሳቱ የድንጋዩን ጥቃቅን ቅንጣቶች እያፈናጠረ ሸካራ ያደርገዋል። የተወለወለ ገዝታችሁም ቢሆን የሚረገጠውን ክፍል ብቻ ማስወቀር ይቻላል። ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስት ጥልቅ ጭረት ማስጎተትም ይረዳል።

ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሳይሆን 3 ሳንቲ ይሁን። አንዱ ደረጃ ደግሞ በአንድ ሙሉ ቁራጭ ይለበስ። መጋጠሚያ በሌለበት ውሃ አይገባም። 1 ሜትር ከ20 በ35 ሳንቲ የሆነ ባለ 3 ሳንቲ ግራናይት 34 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሁለት ሰው በቀላሉ ያነሳዋል። ፊት ለፊት 2 ሳንቲ ወጣ ይበልና ከሥሩ ቀጭን ጭረት ይኑረው። የዝናቡ ውሃ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ ዞሮ ግድግዳውን አያረጥብም።

ርካሽ ለማግኘት የድንጋይ መቁረጫ ቤቶች ግቢ ግቡ። ለትልቅ ሥራ ተቆርጦ የተረፈ ቁራጭ ግድግዳው ሥር ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ለኩሽና ያጥራል፣ ለወለል አይበቃም። ለደረጃ ግን ልክ ነው። እኛ አሁን ያለንን ያገኘነው እንደዚያ ነው።

ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ ማለቴ ነው፣ ሌላው ጥሩ ምርጫ ነው። አዲስ አበባ የቆመችው እሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ኮብልስቶን በየሰፈሩ ከተነጠፈ ወዲህ መዶሻና መሮ የለመደ ወጣት በየቦታው አለ። ጠራቢው የሚረገጠውን ፊት ለጥ አድርጎ እንዲያስተካክለው ንገሩት። የመንገዱ ኮብልስቶን እንዳለ ደረጃ ላይ ሲነጠፍ ግን አልወደውም። ጉብታው ምርኩዝ የሚይዝ ሰው ያደናቅፋል፣ ታኮ ይይዛል፣ ጭቃውም በውሃ ካልሆነ አይወጣም። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ጥቁር ቀለም ፀሐይ ይስባል። በባዶ እግር የሚወጣ ልጅ ይቃጠላልና እዚያ ፈዛዛ ድንጋይ ምረጡ።

የቀሩት

ቴራዞ፣ ያ የድሮ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ደረጃ ላይ የምናውቀው በሲሚንቶ የተያዘ የእብነ በረድ ጠጠር፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ዛሬ በወጉ የሚሠራው ሰው ከተገኘ ይሁን፤ ሳይወለወል ይቅር ብቻ። እንጨት ጽድ ወይም ወይራ ካልሆነ አይሞከርም፣ አፈር ከነካም ይበሰብሳል። ላሜራ ይዝጋል፣ ሲረጥብም ያዳልጣል። የወለል ቀለም አንድ ክረምት ካለፈ ይላጣል። ኢፖክሲ የሚባለው ሙጫ መሰል ቅብ ፀሐይ ላይ ይገረጣል፣ ከሥር እርጥበት ከመጣ ደግሞ ይነፋል። የፕላስቲክ ሣር ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ከሥሩ ያለውን መጥፎ ደረጃ ይሸፍናል እንጂ አያድነውም።

ልብሱ ምንም ቢሆን

ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ አቃቂ አካባቢ ያላችሁ መሬታችሁ ጥቁር መረሬ ሊሆን ይችላል። መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቤቱ መሠረቱ ጥልቅ ስለሆነ ይቆማል። ደረጃው ግን ብዙ ጊዜ አፈሩ ላይ በላይ በላዩ ስለሚሠራ ከቤቱ ተለይቶ ይወጣል ይወርዳል። በሩ ሥር ያ የምታውቁት ረጅም ስንጥቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። መረሬው ተቆፍሮ ይውጣ። ሰሌክት የሚባለው ጠጠራማ አፈር ተሞልቶ ይጠቅጠቅ፣ ድንጋይ ይደርደርበት። ይህ ካልተደረገ ፖርስሊንም ግራናይትም አንድ ነው።

ሌላው የሚረሳው ውፍረት ነው። ባለ 3 ሳንቲ ድንጋይ ከነሲሚንቶው 5 ሳንቲ ይሆናል። ሦስት ደረጃ ኖሮ እያንዳንዱ ከፍታ 16 ሳንቲ ነበር እንበል። የሚረገጡት ሁሉ በ5 ሳንቲ ሲያድጉ የመሃሉ ከፍታ ያው 16 ይቀራል። ከመሬት የሚጀምረው ግን 21 ይሆናል፤ ወደ ቤት የሚያስገባው የመጨረሻው 11። ሰው የሚደናቀፈው እንዲህ ያለ ያልተስተካከለ ደረጃ ላይ ነው፣ እግር የለመደውን ስለሚጠብቅ። ስለዚህ ሲሚንቶው ከመፈሰሱ በፊት የሚለብሰውን ወስኑ። የብረት በራችሁ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ታችኛው ጫፉ ከአዲሱ ድንጋይ ጋር እንዳይነካካ ለኩ። መቆሚያው በሜትር 1 ወይም 2 ሳንቲ ወደ ውጭ ያዘንብል። ውሃ ወደ በሩ መመለስ የለበትም።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለእናት ለአባት ቤት የምታሠሩ፣ የሰድሩን ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ውሃ ፈሶበት በእግር ሲገፋ በቪዲዮ አሳዩን በሉ። ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ የራሳችሁን ቤት ደረጃ የምታሠሩ ከሆነ ግን ሌላ ፈተና አለባችሁ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ውሃ የሚጠጣ ሰድር አንድ ክረምት ሳይሞላው ይፈነዳል። በረዶ ለማቅለጥ የሚነሰነሰው ጨውም ሲሚንቶን ይልጠዋል። እዚያ የተለበለበ ግራናይት ወይም ለብርድ የተመሰከረለት ፖርስሊን እንጂ ሌላ አትሞክሩ።

እኛ ቤት አሁን ያለው ግራጫ ግራናይት ነው፣ የተወቀረ። ጠርዙ ላይ ፈዛዛ ቀለም ያለው ቀጭን ድንጋይ አስገባንበት፤ እናቴ አመሻሽ ላይ ዓይኗ ስለሚደክም ደረጃው የት እንደሚያልቅ እንድታይ። ከጎኑ የብረት መያዣ ተተከለ። ባለፈው ክረምት ዝናብ እየዘነበ ስትወርድ በመስኮት አየኋት። እግሯን ሙሉ በሙሉ አሳርፋ ነው የወረደችው።

ሥራውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ አሠሩ። ዝናብ የለም፣ ሠራተኛውም አይቸኩልም። ከተነጠፈ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ማንም አይርገጠው። ሳንቃ እንኳ አታስቀምጡበት፤ ድንጋዩ ሳይይዝ ከተነቃነቀ ከሥሩ ባዶ ይሆናል። እኛ ያን ሦስት ቀን በጓሮ በር ነው የገባነው፣ የወጣነው።